የሽመል በር ቁልቁለት

አዛናው ብስክሌት የተማረው ገዳሪፍ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከሽንፋ ተነስቶ ጥጥ ለቀማ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ እዚያ ጥጡን ትቶ ዓጀላ ከሚጠግን ሰው ዘንድ ገባ። ሱዳኖች ብስክሌትን ዓጀላ ነው የሚሉት። ከዓመታት በኋላ አንድ አሮጌ ዓጀላ እየነዳ መተማ ሲደርስ የገበያው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሊያይ ወጣ። ነጋዴው ሽኩር ከሱቁ ጎን ጥላ ያለው ቦታ ሰጠው፤ አዛናውም እዚያ ተቀምጦ ጎማ መለጠፍ ጀመረ።

ጣሊያን ሲገባ እሱ በሥራው ቀጠለ። እህቱ ጸዳለ ግን ባሏን ደምለውን ተከትላ ወጣች። ደምለው አርበኛ ነበር። ከጭልጋ ደጋ ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ፣ ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርከሃ በጋረደው ሜዳ፣ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። የጣሊያን መኪና በትልቁ መንገድ ሲመጣ ጩኸቱ ከሩቅ ስለሚሰማ ማንም ድንገት ሊደርስባቸው አይችልም። አዛናው አልፎ አልፎ ጨውና ስኳር ይዞ ይሄዳል። ደምለው ባየው ቁጥር ከሩቅ፣ «የጎማው ጌታ መጣ!» እያለ ይቀበለው ነበር።

አንድ ቀን ሬንዞ የሚባል ጣሊያን ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት እየገፋ ወደ ሽኩር ሱቅ መጣ። መንገድ ቀያሽ ነኝ አለ። ሊብያ ኖሮ ዓረብኛ ስለለመደ ከአዛናው ጋር ለመግባባት አልተቸገረም። አዛናው ጎማውን ለጥፎ ሲጨርስ ሰውዬው አልሄደም። መሬት ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ ያወራ ጀመር።

«እኛ ሸለቆ ውስጥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወይን ነው» አለ። «ተራራው በእርከን ተሠርቶ እስከ ወገቡ ወይን ለብሷል። ለቀማው ሲደርስ በመሀሉ ስትነዳ ሽታው ብቻ ያሰክርሃል።»

አዛናው የወይን ተክል አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ለቅዳሴ የሚገባውን ዘቢብ ነው። «ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ ሽቅብ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወጣል። ነፍስህ ልትወጣ ስትል ተራራውን የሚያሻግረው በር ላይ ትደርሳለህ። በበጋም በረዶ አለ። እዚያ ቆመህ ጋዜጣ ከሸሚዝህ ሥር ትከትና ቁልቁል ትለቀዋለህ።»

«ጋዜጣ ለምን?»

«ደረትህን ብርድ እንዳይመታህ።»

አዛናው ሳቀ። በመተማ ሙቀት ብርድ የሚፈራ ሰው ማየቱ ገረመው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አብረው ይነዱ ጀመር። የጓንግን ወንዝ ተከትለው ይወርዳሉ፣ በማሽላው መካከል ያቋርጣሉ፣ ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ በደረቀበት ወራት እስከ ሽንፋ ይደርሳሉ። ሬንዞ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ጠመዝማዛ ላይ ሰውነት ወዴት እንደሚያጋድል አስተማረው። ሽኩር ይህን ወዳጅነት አልወደደውም። አዛናው ግን በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ገበያው ውስጥ እንደ ልጅ ጨዋታ የሚያዩበትን ነገር የሚረዳለት ሰው አገኘ።

አንድ እሑድ ሬንዞ ከብስክሌቱ ወርዶ ላቡን እየጠረገ፣ «አገራችሁ ጥሩ ነበር» አለ። «ምን ያደርጋል፣ ሜዳ ነው። በር የለውም።»

ይህ አዛናውን ከነከነው። «የለውም? ና ላሳይህ!» አለ።

የሽመል በር ከደጋው ጠርዝ ገደሉን ሰንጥቆ የሚወርድ የድሮ የነጋዴ መንገድ ነው። ጠባብ ነው፤ መኪና አይገባበትም፣ አህያም በጭንቅ ነው የሚያልፍበት። ብስክሌት ግን፣ መንዳት ለሚያውቅ፣ ይወርድበታል። በጭነት መኪና ተሳፍረው ጭልጋ ወጡ፤ ከዚያ በሩ ላይ ደረሱ። ቆላው ከእግራቸው ሥር እስከ ሱዳን ድረስ ተዘርግቶ ታየ። ሬንዞ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን አዛናው አየ።

«ያ ጭስ የማን ነው?» አለ ሬንዞ በመጨረሻ፣ ከታች ሽመሉ መሀል እያየ።

«ከሰል አክሳዮች ናቸው» አለ አዛናው ፈጠን ብሎ።

ሬንዞ ሌላ አልጠየቀም። ከጭሱ ሳይደርሱ በሌላው አቅጣጫ እየጮኹ፣ እየሳቁ ወረዱ።

ከገና በፊት ብዙ ብስክሌት በመኪና ተጭኖ ጦር ሰፈሩ ገባ። ሬንዞ አዛናውን አስጠራው።

«ጥምቀት እንዳለፈ ውድድር አለ። እኛም እናንተም የምንወዳደርበት። አንተ ከፊት ነው የምትነሳው። እስከዚያ እነዚህን አዘጋጅልኝ። ፍሬናቸውን አጥብቅ፣ ቁልቁለት አለው።»

አዛናው አንድ በአንድ አዘጋጃቸው። ካቴናውን ዘይት ቀባ፣ ፍሬኑን በእጁ እየጨበጠ ሞከረ። ሽኩር መጥቶ አጠገቡ ቆመና፣ «አዛናው፣ ወታደር ሰፈር ለጨዋታ የሚገባ ዕቃ አይቼ አላውቅም» አለው። አዛናው ቀና ሳይል፣ «አንተ ሰውዬውን አታውቀውም» አለ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ገላውን ታጥቦ፣ ሱሪውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በገመድ አስሮ ጦር ሰፈሩ ደጅ ሄደ። ሰው የለም። ብስክሌቶቹ የቆሙበት ዳስ ባዶ ነው። ደጁን የሚጠብቀው አስካሪ፣ ለጣሊያን የተቀጠረ ያገር ልጅ ወታደር፣ አየውና ሳቀ።

«ውድድሩስ?» አለ አዛናው።

«ትናንት ከነብስክሌታቸው በመኪና ጭልጋ ወጡ። አልነገሩህም?»

አዛናው ያኔ ገባው። መኪና የለም፣ ፈረስ የለም፣ ድምፅ የለም። ጠመንጃ በጀርባ፣ እሱ ያጠበቀው ፍሬን በእጅ፣ በሽመል በር ቁልቁል። እንደ እብድ ነዳ። ዳገቱ ሥር ብስክሌቱን ጥሎ በእግሩ ሮጠ። ከአርበኞቹ መንደር በታች ካለው ምንጭ ሲደርስ ወታደሮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወርደው ውሃ ይጠጣሉ። ሬንዞ የመኮንን ልብስ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አዛናው ከመሬት በትር አንስቶ ሄደበት፤ አንድ አስካሪ በሰደፍ መትቶ ጣለው።

«ተዉት» አለ ሬንዞ። ጎንበስ ብሎ አየው። «አዛናው፣ ስለ አገሬ የነገርሁህ ሁሉ እውነት ነው። አንድም አልዋሸሁህም።»

«ስለኔ አገርስ?» አለ አዛናው፣ ደም እየተፋ።

ሬንዞ ቀና አለ። ብስክሌቱን አንስቶ ወረደ።

አዛናው ተነስቶ ሲደርስ መንደሩ ተቃጥሏል። ጸዳለ የደምለውን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ከጎኗ አመዱ ላይ የጎማ ዱካ ተጠላልፎ ይታያል፤ ዱካውን አየች፣ ከዚያ ወንድሟን አየች።

«በየት መጡ?» አለችው።

«በበሩ።»

«ማን አሳያቸው?»

አዛናው አመዱ ላይ ያለውን ዱካ አየ። እሷም ፊቷን አዞረች። ከሽመሉ ውስጥ የተረፉት አርበኞች ሲመለሱ ካገኙት እንደሚገድሉት ያውቃል፤ ቆሞ ሊጠብቃቸውም አስቦ ነበር። ጸዳለ ሳትዞር፣ «ሂድ። ዛሬ ሌላ ሬሳ አላነሳም» አለችው።

ገዳሪፍ ሄዶ ተቀመጠ። ብስክሌት ግን አልነካም፤ ጥጥ ለቀመ።

ጣሊያን መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲሸሽ አዛናው ተመለሰ። የአርበኞቹ አለቃ ቀኛዝማች ሰጠኝ ገበያው ላይ ተቀምጠዋል። ወባ ጥሎት ወደ ኋላ የቀረው ሬንዞም ተይዞ ፊታቸው ቆሟል፤ ከስቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ። አዛናው ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባና፣ «የምትፈልጉት እኔን ነው፤ በሩን ያሳየሁ እኔ ነኝ» አለ።

ቀኛዝማች ወደ ፈረንጁ ዞረው፣ «እንዴት እንዳሳየው ይናገር» አሉ። ሽኩር አስተረጎመ።

ሬንዞ አዛናውን ቀና ብሎ አላየውም። በዓረብኛ ጥቂት ተናገረ። ሽኩር ሳይተረጉም ቀረ፤ አዛናው ግን ሰምቷል።

«ምን አለ?» አሉ ቀኛዝማች።

ሽኩር አቀርቅሮ ተናገረ። «ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ አለ። ከእህቱ ባል ጋር ቂም ነበረው፣ አስገድልልኝ አለኝ ይላል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ጎራዴውን መዘዘ። አዛናው ለራሱ ሊከራከር አልሞከረም፤ ሬንዞን ብቻ ያያል። የመጀመሪያውን ክህደት ሬንዞ ለአገሩ ብሎ ነው የፈጸመው ሲል ራሱን አሳምኖ ነበር። ይህኛው ለማን ነው?

ጸዳለ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ውሸት ነው ጌታዬ» አለች። «ወንድሜን እኔ አሳድጌዋለሁ። ቂም አያውቅም፤ ቂም ቢያውቅማ ሰው መጠርጠርም ያውቅ ነበር። ተታሎ ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ለሞተው ግን ሁሉም ያው ነው።»

«እንግዲያስ ምን ይደረግ ትያለሽ?» አሏት ቀኛዝማች።

«ይኑር። ደጄን ግን አይርገጥ።»

ፈረንጁን ድንበር አሻግረው ለእንግሊዞች ሰጡት። አዛናው ሽንፋ ወርዶ ማሽላ ያርስ ጀመር። ጸዳለም እዚያው አካባቢ የባሏን ማሳ ይዛለች፤ አጫጅ ያጣችበት ዓመት ሳትጠራው ሄደ። እሷ ከወዲህ ጫፍ፣ እሱ ከወዲያ ጫፍ ሲያጭዱ ዋሉ፤ መካከል ላይ ተገናኙ።

«ለመሆኑ» አለች ማጭዷን እያየች፣ «ትወደው ነበር?»

«እወደው ነበር እታለም።»

ያጨደችውን ነዶ አሰረች። ከዚያ፣ «ደምለውም ይወድህ ነበር» አለችና ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ ተነጋግረው አያውቁም።