ያስቆምሃል

አርባ ዓመት ቅኔ ሳስተምር ኖሬ፣ በስተርጅና ቅኔዬን ሰው ማታለያ አደረግሁት።

ደብረ ማርቆስ ባለው ግቢዬ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ ባጃጅ የምታድርበት ጠባብ ቦታ ነበረችኝ። ለዘማርያም እስከ ሰኔ ሠላሳ አከራይቼዋለሁ። ዘማርያም የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ትምህርቱን ትቶ ባጃጅ ይነዳል። ድሮ ሰሙን ቶሎ ይይዝና ወርቁን ለማግኘት ይዘገይ ነበር። እኔም በጓደኞቹ ፊት እስቅበት ነበር።

በየካቲት ጎረቤቴ ውበቱ ቦታዋን ለሱቅ ፈለጋት። "ባዶዋን ካልሆነ አልገዛም" አለኝ። ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ክረምቱም ሩቅ አይደለም። "ተከራይ አለባት፣ ሰኔን ታገሥ" ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። በሽያጭ ውሉ ላይ "ከማንኛውም ይገባኛል ባይ ነፃ ናት" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ስንፈራረም ሦስተኛ እማኝ ጎደለን። ይግረማችሁና የጠራሁት ዘማርያምን ነው። መጣ። የኔታ የጻፈውን ማን ያነባል? እስክሪብቶውን አነሣና፣

"የኔታ፣ የእኔስ ነገር እንዴት ይሆናል?" አለኝ።

"አትሥጋ፤ ውበቱ ያስቆምሃል።"

እርሱ "ባጃጅህን እዚሁ ያስቆምሃል" ብሎ ሰማ። እኔ "እንዳትገባ ያስቆምሃል" ማለቴ ነበር። መቼ ዋሸሁ እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ፈረመ።

በሳምንቱ ውበቱ ቦታዋን በቆርቆሮ አጠራት። ማምሻውን ዘማርያም መጥቶ ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ። ዳዊቴን ገልጬ እንዳልሰማ ሆንሁ፤ አንድ መስመር እንኳ አላነበብሁም። ባጃጇን አስፋልት ዳር አሳደራት። ሲነጋ ባትሪዋ የለም።

በእግሩ መጣ። ጥፋተኛ ቁጣ አያጣምና "ራስህ ፈርመህ የለም እንዴ!" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እርሱ ግን እንደ ተማሪነቱ ጊዜ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባና ጉልበቴን ሳመ።

"የኔታ፣" አለኝ፣ "እንደ ልማዴ ዘገየሁ። ግን ወርቁን አገኘሁት።"

ተማሪ ወርቁን ሲያገኝ መምህሩ "ይበል!" ይለዋል። ዘማርያም ቀና ብሎ ጠበቀኝ። አፈርሁ።