ከጀርባው የቆመው

የእህቷን ባል ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው ፎቶ አንሺዋ ናት። አመሻሽ ላይ፣ ገና ተሠርቶ ባላለቀው ቤታቸው ሰገነት ላይ ቆሞ «እኔን ተዪኝ፣ ቤቱን አሳምሪልኝ» እያለ ይቀልድ ነበር። እሷ ከግቢው ሆና መጀመሪያ በአሮጌው የፊልም ካሜራዋ አንዴ፣ ቀጥሎ በዲጂታሉ ሁለቴ አነሳችው። ብርሃኑ ደክሟል። ካሜራዎቹን መኪናዋ ውስጥ ልታስቀምጥ ዞር ባለችበት ሰውየው ወደቀ። በቤቱ የተነሳ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ በቅርቡ የታረቀው ወንድሙ፣ ታች ሲሚንቶ ሲሸፍን እንደነበር ተናገረ። ሁሉም አዳልጦት ነው ብሎ ቀበረው።

ወር ሳይሞላ እህቷ ያን ፎቶ ለመነቻት። ፎቶ አንሺዋ ፊልሙን አጠበችው። ፊቱ በጭንቅ ይታያል፤ ከኋላው ያለው በር ግን በታጠበው ፊልም፣ በነጌቲቩ ላይ፣ ባዶ ነው። ፊልም ያልበላውን አያገሳም። ወደ ዲጂታሉ ዞረች። እሱ ከጨለማም ቢሆን ጥቂት ይቋጥራል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ስታፈካው ግን ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ እንደ አሸዋ ምስሉን ወረረው። በመሐሉ፣ በሩ ላይ፣ ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ ሰው የቆመ መሰላት።

ዓይኔ ነው ብላ ልትተወው ነበር። ሆኖም ነጠብጣብ ከፎቶ ፎቶ ቦታውን ይቀያይራል፤ የቆመ ሰው ግን ባለበት ይገኛል። ሁለቱን የዲጂታል ምስሎች የሰገነቱን ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ ደራረበቻቸው። አሸዋው ሳሳ። ሸሚዙ ቀረ። ከሸሚዙ በላይ ያለው ፊት፣ የዚያ ታች ነበርኩ ያለው ወንድሙ ነው።

እህቷን ወደ ፎቶ ሱቋ አስጠርታ አሳየቻት። እህቷ አላለቀሰችም።

«ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸው እሱ ነው» አለች።

ሱቁን ሳይዘጉ ወጡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አጎታቸው እንደወሰዳቸው ነገራቸው። እህቷ ቤት ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እሱ መሐላቸው ተቀምጦ በምላጭ እርሳስ ይቀርጻል። ቀና ብሎ የሴቶቹን ፊት አየ።

«ፎቶው ወጣ እንዴ?» አለ ረጋ ብሎ።

«ጨልሟል» አለች ፎቶ አንሺዋ።

ምላጩን አላስቀመጠም፤ አልተነሳምም። እህቷ ልጆቹን ጫማ እንኳ ሳታደርግላቸው እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው፤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊሶች ሲደርሱ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

እስካሁን አልተያዘም። እህቷና ልጆቹ ፎቶ አንሺዋ ዘንድ ገብተዋል። በር ሲንኳኳ ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ፤ ቀድማ የምትነሳ የለችም።