የምትንተባተበው ቱርቦ

ብሥራት ያቺን አሮጌ ቱርቦ መኪና ሲገዛ ምናሴ "ተው" ብሎት ነበር። ምናሴ በፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ ጓሮ ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ አዲስ አበባ ሳለም እጁ ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነው። "ቱርቦ በልጅነቱ ነው የሚያምረው፤ ካረጀ በኋላ ዛሬ እዚህ ጋ አመመኝ፣ ነገ እዚያ ጋ ቆረጠመኝ ነው" አለው። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ብሥራት ገዛ። እናቱን እታለማሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ፣ ኩላሊቷ የሚታጠብበት ክሊኒክ ማድረስ ነበረበት። አሌክሳንድሪያ ያሉት ክሊኒኮች ሞልተው ወንበር የተገኘላት ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

መኪናዋ ከታመመች ሁለት ወር ሆናት። በሰፈር ውስጥ ዝግ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን ጎዳና ላይ ወጥቶ ነዳጅ ሲረግጥ ግን፣ ቱርቦው አየር መግፋት ሲጀምር፣ ሞተሩ ይንተባተባል። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋበታል። ካንዴላ ቀየሩ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ቀየሩ። አንድ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ተገኘና "ይኸው በሽታዋ" ተባለ። ለቀናት ዳነች፤ እሁድ አልፎ ሰኞ ሲጠባ ያው ሆና ተገኘች። ምናሴ ላፕቶፑን ሰክቶ "ነዳጅ አንሷታል" አለና በኮምፒውተሩ አዝዞ የሚረጭላትን ነዳጅ ጨመረላት። በጨመረላት ቁጥር ባሰባት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ብሥራት ሌላ የሚለካ ነገር ነበረው። ሐኪሙ ለእታለማሁ የፈቀደላት ውሃ በቀን ሦስት ብርጭቆ ነው፣ ሻዩም ሾርባውም ተቆጥሮ። የሚለካላት ልጇ ነው። "እማዬ፣ ይሄ ሦስተኛሽ ነው" ይላታል፤ እሷም ብርጭቆውን ሳትጨርስ ታስቀምጣለች። ይህን ሲያደርግ ራሱን ይጠላል፤ ግን ያደርገዋል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ በጁን መጨረሻ ዓርብ ቀን፣ መኪናዋ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ፣ ዊልሰን ብሪጅ ላይ ጸጥ አለች። ተጎትተው ሲመለሱ የእናቱ ተራ አልፎ ነበር። "ነገ ጠዋት አምጣት" አሉት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ያንኑ ማታ የተነሣው ማዕበል ዛፉን ሁሉ ገንድሶ አገሩን መብራት አሳጣው፤ ክሊኒኩም ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶ ዋለ።

ሰኞ የእናቱ እግር ጫማ እምቢ አለ። ፊቷ አብጧል፤ ከአልጋ እስከ በር ስትመጣ ሁለቴ ቆማ ተነፈሰች። ኩላሊቷ ከታጠበ አምስተኛ ቀኑ ነው። ብሥራት ክሊኒኩ ደወለ።

"በጄኔሬተር እየሠራን ነው" አለችው ነርሷ በእንግሊዝኛ። "እስከ ሁለት ፒኤም ካላመጣሃት ወንበሯን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ውሰዳት እንዳልልህ እዚያም ሰው ኮሪደር ላይ ተኝቷል። ልቧ ብዙ የሚችል አይመስለኝም።"

ታክሲ ጠራ፤ ሦስት ሰዓት ጠብቅ አሉት። ጎረቤት ለመነ፤ ጎረቤቱ ቤንዚን ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናዋን አስነሣት። እየተንተባተበች፣ እየተንገጫገጨች ምናሴ ደጅ አድርሳቸው ሞተች። በፈረንጅ ሰዓት ከረፋዱ አሥራ አንድ ተኩል ነበር።

የምናሴ የራሱ መኪና ዛፍ ወድቆባታል። ጋራዡም ጨለማ ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። እታለማሁ በር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ተሰጣት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።

"ምናሴ፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው" አለ ብሥራት፣ እሷ እንዳትሰማው ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ። "አንድ ጊዜ ብቻ ታድርሰኝ። ከዚያ ብትቃጠልም ግዴለኝም።"

"ተረጋጋና ያዝልኝ" አለው ምናሴ። "ኮምፒውተር የለም። እንደ ድሮው በዓይናችንና በአፍንጫችን ነው።"

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ እርጥብ ናቸው። አሸተታቸው። ቅንድቡ ተሰበሰበ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ ፈታ፣ ፓምፑን በሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ደቀነበት። ሲሞላ በር ላይ ወጥቶ ወደ ፀሐይ አነሣው። ከላይ ቢጫው ቤንዚን ቆሟል። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ጥርት ያለ ነገር ተኝቷል።

"ውሃ" አለ ምናሴ። "ሁለት ወር ሙሉ እኔ ነዳጅ ጨመርኩ ስል ውሃ ነው የምግታት! ከየት ነው የምትቀዳው? የትኛው ሌባ ነው ውሃ የሚሸጥልህ?"

"ውሃ አይደለም" አለች እታለማሁ ከወንበሯ። "ጸበል ነው።"

ሁለቱም ዞሩ።

"ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በኮዳ ይሰጡኛል" አለች፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰች። "እንዳልጠጣው ይለካብኛል። እንዳልደፋው ጸበል ነው። መኪናዋ ታማለች ስትሉ እሰማለሁ። እኔን የምታመላልሰኝ እሷ ናት፤ እንግዲያው እሷ ትጠጣልኝ፣ እሷ ከዳነች እኔም አለሁ አልኩ።"

"ስንት ጊዜ?" አለ ብሥራት።

"እሁድ እሁድ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትሄድ፣ ነዳጅ በምትቀዳበት አፏ። ሐሙስ ደግሞ ለማርያም ጨመርኩላት።"

ብሥራት ሊጮህ አፉን ከፈተ። ገደልሽን ሊል ነበር። ድልድዩ ላይ ያላበው ላብ፣ የተፈቱት ብሎኖች፣ የተነፋበት ጡሩምባ ሁሉ ትዝ አለው። ከዚያ ያበጠ እግሯን አየ። የተጠማች ሴት ያቺን ኮዳ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ጭኗ ላይ ይዛ ስትመጣ አንድ ጉንጭ አልቀመሰችም። አጠገቧ እየነዳ የነበረው እሱ ነው። እንባው መጣና ግራሶ በነካው እጁ ጠረገው።

ምናሴ ብርጭቆውን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ደፍቶት ያልፍ ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ብርጭቆውን እግር የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሰዓቱን አየ።

"በል፣ ታንኩን እናራግፈው" አለ።

ፓምፑ የታንኩን ሆድ በርሜል ውስጥ ሲያራግፍ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ለብሥራት ዓመት ነበር። በየመሐሉ እየሄደ የእናቱን እጅ ይነካል፤ እጇ ቀዝቅዟል። ካንዴላዎቹን አደረቁ፣ ቱቦውን ነፉት፣ ምናሴ ለቤቱ ጄኔሬተር የደበቀውን ጀሪካን አምጥቶ ገለበጠ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሻል፤ እሱ ግን ጀሪካኑን እስከ መጨረሻው ጠብታ አራገፈው። መኪናዋ አንዴ አስነጠሳት፣ ሁለቴ አስነጠሳት፣ ተነሣች።

እታለማሁን ደግፈው ሲያስገቧት ቦርሳዋ ውስጥ ኮዳው ተንቦጫቦጨ። የሐሙሱ ግማሹ ቀርቷል። ምናሴ ሰማው።

"እናቴ" አላት ጎንበስ ብሎ፣ "በአፏ አይስጧት፣ ሆዷን ያማታል። ለእሷ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።" ኮዳውን በሁለት እጁ ተቀበለና ኮፈኑን ከፍቶ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚሞላበትን ትንሽ ጋን አሳያት። ከደረቀ ከርሟል። እያየችው ቀስ ብሎ ገለበጠው።

አንድ ፒኤም ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወጡ። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ማቀዝቀዣው ድሮ ነው የሞተው። ዊልሰን ብሪጅ ላይ፣ ዓርብ የቆመችበት ቦታ ሲደርሱ፣ ብሥራት ነዳጁን ረገጠ። ቱርቦው አፏጨ። ሞተሩ አልተንተባተበም። እንደገና ረገጠ። ወሰደችው።

ከቤልትዌዩ ሲወርዱ የትራፊክ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው መኪና በመኪና ላይ ተሰካ። አንድ ከአርባ ሆነ። እናቱ ዓይኗን ጨፍናለች።

"እማዬ፣ አትተኚብኝ። አዋሪኝ።"

"ምን ላውራህ" አለች በሹክሹክታ። "መኪናህን አበላሸሁብህ። ጸበሉም ለማንም አልሆነ።"

ብሥራት መሪው ጎን ያለውን የመስታወት ማጠቢያ ዘንግ ሳበ። ውሃው ከኮፈኑ ላይ ተነሥቶ መስታወቱን መታ፣ ነፋሱም ፍንጣቂውን በተከፈተው መስኮት መለሰው። ግንባሯና ጉንጯ ላይ አረፈ። እታለማሁ ዓይኗን ገለጠች። አማተበች። ከዚያ ጉንጯ ላይ ያለውን ጠብታ በጣቷ አነሣችና የደረቀ ከንፈሯ ላይ አደረገችው።

"ይቺን እንኳ አትቆጥርብኝ" አለችው።

"አልቆጥርም፣ እማዬ" አለና ዘንጉን እንደገና ሳበው።