የእትዬ መቀስ እጅጌ

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ የእትዬ መቀስ ግን አጥራቸው ሳይሆን ጭንቅላታቸው ነው የተነቀነቀው። የመርሳት በሽታ ምርመራ በሰፈሩ አዳራሽ ሲደረግ ሄደው የተቀመጡት እሳቸው። አምስት ቃል ተነግሯቸው አንዱም ትዝ ያላላቸው እሳቸው። ውጤቱ የተነገረው ግን ለልጃቸው! ልጅየው ለሚስቱ፣ ሚስቱ በቤታቸው አብረዋት ለሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች፤ የበሽታው ባለቤት ሳይሰሙ ጎረቤቱ ሁሉ አወቀ።

አሁንም ልጃቸውና ምራታቸው ከመጋረጃው ወዲያ ይንሾካሾካሉ።

«ገና ጅምሩ ላይ ነው አለች ነርሷ» ይላል ልጃቸው። «መድኃኒት ከሌለው ቀድሞ ማወቁ ምን ይረባል? ነርስ ቀጥሮ በየሰፈሩ ማዞር የባከነ ገንዘብ ነው። የስፌት መኪናዎቹን እንሽጥና አንቺ አጠገቧ ሁኚ።»

«የኔ ሥራስ? አብረውኝ የሚሰፉት ሦስቱ ሴቶችስ?»

«ቆራጭ የሌለው ልብስ ስፌት ምን ይሠራል?»

እውነቱን ነው። የስፌት መኪናው አራት፣ ቆራጯ አንድ። እትዬ መቀስ ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች አየት አድርገው ጨርቁን ሸርከት ነው። የልብሱን ልክ በወረቀት አዘጋጅተው የሚቆርጡትን «ዐይን የሌለው ይዳብሳል» እያሉ ሲያሽሟጥጡ ኖረዋል። ትናንት ግን ምራታቸው ከጨርቅ ክምር ሥር የሸጎጠችውን አግኝተዋል፤ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ፣ ሁለቱም እጅጌው የግራ። ቆራጯ ራሳቸው ናቸው።

መጋረጃውን ገለጡትና ሁለቱን እጅጌ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

«እማዬ! ሰምተሽ ነበር?»

«ብረሳ እንጂ መች ደነቆርኩ! ምን ይረባል አልክ? ዛሬ ሁለት ግራ ቆርጫለሁ፤ ግራ መሆናቸው ግን ይታየኛል። ከርሞ ላይታየኝ ነው። በዛሬና በከርሞ መሃል ያለችው ጊዜ የአራት ሰው ጉሮሮ ናት። ነርሷ ያተረፈችልህ ያቺን ጊዜ ነው፤ አንተ ሜዳ ላይ ልትበትናት!»

 እሳቸው ጠመኔውን በጠረጴዛው ላይ ፈለጉ፤ ከመቀሱ ሥር፣ ከጨርቁ ሥር። በግራ እጃቸው ይዘውት ነበር። ማንም አልሳቀም።

«አንቺ» አሉ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ያን ትልቁን መጠቅለያ ወረቀት አምጪ።»

«እማማ፣ እርስዎ በወረቀት?»

«አዎ፣ እኔ! የእጅጌውንም፣ የኮሌታውንም ልክ ከእጄ እየተቀበልሽ በወረቀት ታስቀሪዋለሽ። ደግሞ ስሳሳት እየሸጎጥሽ አታታልዪኝ። ፊት ለፊት ንገሪኝ። እሰድብሽ ይሆናል፤ ተሰድበሽም ንገሪኝ።»