አጎት ግሮዝዳን በእንጆሪው ዛፍ ላይ

ከሶፊያ የመጣው አውቶቡስ ዶልና ስሊቫ አደባባይ ላይ ሲያወርዳት፣ የራዶስቲና ዐይን መጀመሪያ ያረፈው አጎቷ ላይ ነበር። አጎት ግሮዝዳን ከዳቦ ቤቱ ፊት ባለው ትልቅ የእንጆሪ ዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያያታል። ዝናብ አንድ ጆሮውን ወስዶበታል እንጂ ሌላው አካሉ ደህና ነው።

እውነተኛው አጎቷ ደግሞ ሻንጣዋን ተሸክሞ እያለከለከ ከኋላዋ ወረደ።

«እስካሁን አላነሱኝም» አለ ፎቶውን እያየ።

«ማን ደፍሮ ያነሳሃል፣ አጎቴ? ነውር እኮ ነው።»

ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የመመረቂያ ሥራዋ ዛሬ ጠዋት ማለቁ ነው። የሚያልቅበትን ቀን ስትናፍቅ ከርማ፣ አሁን ግን አንድ ጤነኛ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል እያለች ትገረማለች።

ነገሩ የተጀመረው በደህና ነበር። በማስታወቂያ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የአንድ ነጋዴ ዕቃ ይመርጣል፣ ዘመቻ ይነድፋል፣ ሕዝብ መሀል ያወጣዋል፤ ዕቃው መሸጡንም ለፈታኞች ያሳያል። ካልተሸጠ ዓመቱን ይደግማል። ራዶስቲና የመረጠችው የአጎቷን ድልህ ነው። ግሮዝዳን በየመከሩ ቀይ ቃሪያውን ጠብሶና ልጦ፣ ከቲማቲም ጋር በትልቅ ድስት ሲያማስል ከተማውን ሁሉ ያውደዋል። መሥራት እንጂ መሸጥ ግን አያውቅበትም። ገዢ ሲመጣ «ምን ፈለግህ?» ብሎ ያፈጥበታል።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ካሜኖቭ አንድ ምክር ነበራቸው፦ «መጀመሪያ ዕቃውን ደብቂው። ሰው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ።»

እሷም ምክሩን ይዛ ሰው ምን እንደሚያነብ ልታጠና አደባባዩ ላይ ዋለች። የሱቆቹን ማስታወቂያ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። እንጆሪው ላይ፣ በየቤቱ በርና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ግን ሰው ኮፍያውን አውልቆ፣ እስከ መጨረሻው መስመር ያነባቸዋል፤ ራሱን ነቅንቆም ከጎኑ ካለው ጋር ያወራባቸዋል። ቦታው ይኸው ነው ብላ ደመደመች። ኮፍያ ለምን እንደሚወልቅ ራሷን አልጠየቀችም። የሙታን ማስታወቂያ ከነፎቶውና ከነጥቁር መስመሩ በየግንዱ ሲለጠፍ እያየች ስላደገች፣ ዐይኗ ከዛፉ ቅርፊት መለየት ትቶ ነበር።

ፎቶ ልታነሳው ስትል አጎቷ አልስቅም አለ።

«የምሸጠው ድልህ ነው ወይስ ጥርስ?»

የማስታወቂያውን ዙሪያ እንደ ቃሪያው ቀይ ልታደርገው አስባ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ቀይ ቀለም ጨርሷል። «ጥቁር ክብር አለው» አላት አታሚው። ክብር ነበረው። በወፍራም ጥቁር መስመር መሀል የተኮሳተረው አጎቷ፣ ከሥሩም «ሁላችንም የምናውቀው ግሮዝዳን ሚንኮቭ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአደባባዩ እንገናኝ» የሚል ጽሑፍ። ሐሙስ ለጥፋ ስትጨርስ ከሩቅ ቆማ አየችውና ኮራች።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ግሮዝዳን ማማሰያውን እንደያዘ ሄዶ ከፈተ። ጎረቤቱ እትዬ ስቶይና ጥቁር ለብሳ፣ ለሙት እንደሚደረገው ቁጥሩ ጥንድ የሆነ አበባ ታቅፋ ቆማለች። አበባው ከእጇ ወደቀ።

«ግሮዝዳን» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ እኮ ሞተሃል።»

«ማን አለ?»

«እንጆሪው ላይ ተለጥፈሃል።»

«እንጆሪው ላይ ከሆነማ…» አለና ደረቱን ዳበሰ።

«እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ሳለቅስልህ። እንባዬን ማን ይመልስልኛል?»

«ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽው?»

«ደግ ነበር ብዬ ነዋ።»

«እስቲ ግቢና ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ።»

ራዶስቲና ወረቀቶቹን ልትገነጥል ስትሮጥ ያስቆማት እሱ ነው። ለካ በጓሮ በኩል አንድ ሰው ከስንት ዘመን በፊት የተዋሰውን መሰላል አጥሩ ላይ አስደግፎ ሄዷል። መጠጥ ቤት ደግሞ ሰላምታ የነሳው አንድ ጠበኛው «እንደሱ ድልህ የሚሠራ አይወለድም» ብሎ ጽዋ አነሳ ተባለ።

«ዕድሜ ልኬን በቁሜ እንዲህ ያለኝ የለም» አለ ግሮዝዳን። «እስከ ቅዳሜ ልቆይ።»

«ምን ሆነህ?»

«ሞቼ።»

እትዬ ስቶይና «ቆሞ አይቼዋለሁ፣ ደግሞም ተሳድቧል» ብላ ለሰፈሩ ተናግራ ነበር። ሐዘኑ ነው፣ ምስኪን፣ ተባለላት።

ቅዳሜ ከተማው ጥቁር ለብሶ ወጣ። ራዶስቲና ነጭ ጨርቅ ያነጠፈችበት ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶቹን ደርድራ፣ ዳቦ ቆርሳ ድልህ ቀብታ ቆማለች። በዕቅዱ መሠረት አጎቷ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ተደብቆ ምልክት ይጠብቃል። ሰዉ ተሰለፈ። አንዱ ዳቦ አነሳ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ጎረሰ። ቀጣዩ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ወስዶ ነፍስ ይማር አለ። ለሙት ነፍስ ከቀረበ ነገር ላይ ሒሳብ የሚጠይቅ ደግሞ በዚያ አገር አልተፈጠረም። እሷም ዳቦ መቁረሷንና መቀባቷን ቀጠለች። ምልክቱን ስትሰጥ ጨርቁ ብቻ ነበር የቀረው።

ግሮዝዳን ሽርጡን አስሮ ብቅ አለ። ለጸሎት የመጡት ቄስ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ «ነፍስ ይ…» ብለው ዋጡት።

«በሉ ጠርሙሶቹን» አለ ግሮዝዳን።

«ለነፍስ የተሰጠ አይመለስም» አለች እትዬ ስቶይና።

«ነፍሴ እኮ ይቺውና።»

«ቢሆንም።»

ዛሬ ጠዋት ሶፊያ ላይ ይህንኑ ሳትደብቅ ለፈታኞቹ ተናገረች።

«ምን ያህል ተሸጠ?» አሉ ፕሮፌሰር ካሜኖቭ።

«ምንም።»

«ሰውስ መጣ?»

«ከአንድ ሰው በቀር ከተማው በሙሉ።»

«የቀረው ማን ነው?»

«ሟቹ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነበር።»

ካሜኖቭ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። «ልጄ፣ ደንቡ ይሸጥ ነው የሚለው።»

ከኋላ ወንበር ላይ አጎቷ ተነሳ። «ዕቃውን ደብቂው ያሏት እርስዎ ነዎት አሉ። እሷ ታዛዥ ናት፤ ደበቀችው፣ እኔንም ልትቀብረኝ ነበር።» ከኪሱ አንድ ጠርሙስና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አውጥቶ ፈታኞቹ ፊት አኖረ። ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ሌላ ይኖርዎታል?» አሉ ካሜኖቭ። «ለቤቴ ብዬ ነው።»

ግሮዝዳን ሁለተኛውን ጠርሙስ ከሌላኛው ኪሱ አወጣ። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ለእርስዎማ በነ…»

ራዶስቲና እግሩን ረገጠችው። አያት፤ ገባው። ወደ ካሜኖቭ ዞሮ አፈጠጠ።

«ምን ፈለግህ?» አላቸው።

ከፈሉ። ሽያጩ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ፈታኞቹ በር ዘግተው ተከራከሩ። ሲወጡ ሦስት ነጥብ ሰጧት፤ ከዚያ የሚያንስ ማለፊያ የለም።

አሁን እትዬ ስቶይና ከዳቦ ቤቱ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። «አርባህ መቼ ነው የሚሆነው?» አለችው። «ድልሁ አልቆብኛል።»

ግሮዝዳን ወደ ራዶስቲና ዘወር አለ።

«ለአርባዬም ትለጥፊልኛለሽ» አላት። «አሁን ግን ዋጋውን ጻፊበት። ከስሜ በታች፣ ጉልህ አድርገሽ።»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዛፉ ሄደ፣ የላላውን የወረቀቱን ጥግ በምራቁ አራሰና ራሱን መልሶ ለጠፈ።