ወደ አምስተኛ ፎቅ የተጸለየ ጸሎት

የሕንፃችን ሊፍት ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ ግን በየቀኑ መጥሪያውን ተጭና፣ «ዛሬስ ተአምርህን አሳየኝ» ብላ ትጠብቃለች። እምቢ ሲላት እያጉረመረመች አምስት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። ስነጫነጭባት «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሚስት የለኝም።

ትናንት እሷ ደረጃውን እንደጀመረች ሊፍቱ ተጠግኖ አለቀ። ላበስራት በሩጫ ተከተልኳት፤ የደረስኩባት ግን ቤታችን በር ላይ ነው፣ ያውም እያለከለክሁ።

«ሊፍቱ ተሠራ» አልኳት። ከዚያ ባዶ እጇን አየሁ። «ያ ትደገፊው የነበረው ከዘራሽስ የት ሄደ?»

«አምና የሆነ ቦታ ረሳሁት።»

«ሐኪሙ በዚህ ጉልበትሽ ደረጃ እንዳትሞክሪ ብሎሽ አልነበር?»

«ታዲያ ለዚህ አይደል» አለች በሩን እየከፈተች፣ «ሊፍቱ እንዲሠራ ስጸልይ የኖርኩት።»