ለሦስት የተካፈሉት ሞተር

አክስትየዋ ሞተሩን በጋሪ አስገፍተው ወደ ጋራዡ ሲገቡ መካኒኩ በርሜል ውስጥ ውሃ እየሞላ ነበር። አሮጌ የጀልባ ሞተር ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ክዳኑ በገመድ ታስሯል። መካኒኩ ገመዱን ፈትቶ ክዳኑን ቢያነሣ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉት ሦስቱ ካርቡራተሮች መቀመጥ በነበረባቸው ቦታ ሦስት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ አየው።

«እማማ፣ ካርቡራተሮቹን ሌባ ወስዷቸዋል» አላቸው።

«ሌባ ሳይሆን ወራሽ ነው የወሰደው» አሉ አክስትየዋ፣ ያገኙት ዱካ ላይ እየተቀመጡ። «አሁን ይመጣሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማቸው ሲሞት ሞተሩን ለሦስት ልጆቹ «እኩል» ብሎ ተናዘዘ። ልጆቹ ደግሞ ያን ጊዜ ተኳርፈው ነበር። በአንድ መሰላል ሰበብ ነው የተጣሉት፤ ማን ተውሶ ለማን እንዳልመለሰ አክስትየዋም ዛሬ በቅጡ አያስታውሱም። ሊያስታርቅ የገባው ጎረቤት ሞተር የሚባል ነገር በቅርብ አይቶ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ ክዳኑን ከፍቶ ሦስት አንድ ዓይነት ዕቃ ተደርድሮ ሲያገኝ «ይኸው፣ የሠራው ሰው ራሱ አካፍሏችሁ የለ!» አለ። የላይኛው ለታላቅየው፣ የመካከለኛው ለተከታዩ፣ የታችኛው ለታናሽየዋ ደረሰ። የተረፈው ብረት አክስትየዋ ጓዳ ገብቶ አራት ዓመት ተጋደመ።

«ጓዳዬ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ» አሉ። «ወይ ዛሬ ይሠራል፣ ወይ ሐይቅ እከተዋለሁ ብዬ ላክሁባቸው።»

ወራሾቹ አንድ በአንድ፣ ተራርቀው መጡ። ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ካርቡራተሩን ራሱ በሰፋለት ባለ አራት ቁልፍ የከፋይ ከረጢት ይዞ መጣ። ተከታዩ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሱ በፎጣ ተጠቅልሏል፤ ሲፈታ ጋራዡ በሙሉ የፀጉር ቅባት ሸተተ። ታናሽየዋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የያዘችው ካርቡራተር ከመጽዳቱ የተነሣ መካኒኩ ግሪስ በነካው እጁ ሊነካው አፈረ። ሦስቱም በርሜሉን ከበው፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሌላ ግድግዳ ዞረው ቆሙ።

መካኒኩ ካርቡራተሮቹን በየቦታቸው አሰረ፤ ሞተሩን በርሜሉ ላይ ሰቀለ። «አሁን አስነሥቼ የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑትን ብሎኖች አስተካክላለሁ» አለ።

«የኔን ማንም አይነካም» አለ ልብስ ሰፊው።

«የኔንም» አለ ወንድሙ።

እህታቸው የራሷን በመዳፏ ሸፈነችው።

መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ ብዙ ጉድ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመውም። ቢጨንቀው ለየአንዳንዳቸው ካቻቢቴ አደላቸው። «ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝጉት፤ አታስጨንቁት። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ» አለና የማስነሻ ገመዱን ሳበ። በአምስተኛው ሞተሩ እያሳለ ተነሣ፤ ጋራዡን ጭስ ሞላው።

«በየተራ! ማስነጠስ እስኪጀምር ዝጉ፣ ሲያስነጥስ ትንሽ መልሱ!»

ልብስ ሰፊው ዘጋ። ሞተሩ አስነጠሰ። ልብስ ሰፊው አልመለሰም።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ መካኒኩ ዞረ። «ለጋሼ ንገርልኝ፤ አንቆ ሊገድለው ነው።»

የሁለቱ ክርን ተነካክቷል። ቢሆንም መካኒኩ በርሜሉን ዞሮ ሄደና «አንቀው ሊገድሉት ነው ይላል» አለ።

«እሱ ደግሞ ቤንዚን እየጋተ እያሰከረው መሆኑን ንገረው። ጭሱን አያይም?»

መካኒኩ ተመልሶ ዞረ። ከዚያ እህትየዋ «ለሁለቱም ንገራቸው፤ ሲነታረኩ የኔ አይሰማኝም» አለች፤ ለሁለቱም ነገረ። መልእክት ሲያመላልስ ድምፁ ተዘጋ፣ እግሩ ዛለ። በመጨረሻ እጁን ብቻ ያወናጭፍ ጀመር፦ ዝጋ፣ ክፈቺ፣ ይበቃል። ረፋዱ ላይ ሞተሩ ሳሉን ተወና አንድ ወጥ ድምፅ አወጣ። መካኒኩ ሦስቱም እኩል እንዲከፈቱ የጋዝ ዘንጉን አገናኝቶ አጠበቀና ላቡን ጠረገ።

«በሉ፣ ሐይቁ ላይ ይሞከር» አሉ አክስትየዋ።

አክስትየዋ ከዓሣ አጥማጅ በተዋሷት ጀልባ ላይ ሦስቱም ከየካርቡራተራቸው እጃቸውን አናነሣም ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረው ኋላ ተደረደሩ። የጀልባዋ ኋላ ሰመጠ፣ አፍንጫዋ ሰማይ አየ። መካኒኩን ክብደት ይሁን ብለው ፊት ላይ አስቀመጡት። መሪውን ግን አንዱ ሲይዝ ሁለቱ እምቢ አሉ። አክስትየዋ በመካከላቸው ተሽጉጠው እጀታውን ጨበጡ።

«እማማ፣ ነድተው ያውቃሉ?» አለ መካኒኩ ከፊት።

«አላውቅም። ግን ከማንም አልተጣላሁም።»

ሄዱ። መሪው ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ከልብስ ሰፊው ክርን ጋር ይጋጫል፤ ክርንዎን ያንሡ ቢባል «ብሎኑን ማን ይጠብቀዋል?» አለ። ስለዚህ ጀልባዋ የምትዞረው ወደ ግራ ብቻ ሆነ። አንድ ዙር ዞሩ፣ ሁለት ዙር ዞሩ። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይቆጥሩላቸው ጀመር።

በአራተኛው ዙር ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ እንዳስጠጋ «ጋሼ፣ ሩብ ዙር ክፈት» አለ። በቀጥታ ነው ያለው። ልብስ ሰፊውም ከፈተ።

«በዛ» አለች እህታቸው። «ትንሽ መልሰው።»

መለሰው። ሦስቱም ምን እንዳደረጉ ልብ አላሉም። አክስትየዋ ግን ልብ ብለዋል፤ ወገባቸውን አስተካክለው ነዳጅ ጨመሩ።

«እማማ፣ ተሞክሯል፤ እኔን ዳር አውርዱኝ» አለ መካኒኩ።

«ዝም በል» አሉት በሹክሹክታ። «እየተነጋገሩ ነው።»

በሰባተኛው ዙር ውሃው ወደሚጎድልበት ሲጠጉ መካኒኩ ጫማውን አውልቆ ዘለለ። ውሃው እስከ ወገቡ ነከረው። ሲወጣ ዞር ብሎ ቢያይ መውረዱን ያወቀ የለም። የጀልባዋ ፊት ስለቀለለ አፍንጫዋ ይበልጥ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ሦስቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው «አንተ»፣ «ስማኝማ»፣ «ተይ አንቺ» ይባባላሉ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ከእግሩ እስከ ወገቡ አየችው።

«ሞተሩ አልተሠራም እንዴ?»

«ተሠራ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«በጣም ተሠራ» አለና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ይጨምቅ ጀመር። ከሐይቁ በኩል የሞተሩ ድምፅ ሳይንተባተብ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ሚስቱ ጥቂት አዳመጠች። «ቤንዚኑ ሲያልቅስ?»

መካኒኩ ሌላኛውን የሱሪውን እግር ጨመቀ። «መቅዘፊያው ሁለት ነው፤ ወራሾቹ ሦስት» አለ።